«ጉበቱ ደህና ነው»

አያቴ ቤት፣ ከበረቱ ጥግ፣ የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ አይጠፋም ነበር። ክረምት ላይ ከጆንያው የፈሰሰው ነጭ ፍሬ እበት የተቀላቀለበትን እርጥብ መሬት ሲነካ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዐይን የሚያስለቅስ ሽታ ያወጣል። ትልልቆቹ «ማዳበሪያው ተበላሸ» ይላሉ፤ እኛ ልጆቹ አፍንጫችንን ይዘን እንሮጣለን። ያ ሽታ አሞኒያ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ፣ ምሕንድስና ስማር ነው። አፈርና እበት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሬዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፤ በእሱ ዩሪያን ሰንጥቀው ወደ አሞኒያ ይመልሱታል።

ሰውነታችን ውስጥ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ከምንበላው ፕሮቲን፣ አንጀታችን ውስጥ ካሉ ባክቴሪያዎች፣ ከራሳችን ጡንቻም የሚመጣውን አሞኒያ ጉበት ተቀብሎ ዩሪያ ያደርገዋል። ዩሪያው በሽንት ይወጣል፤ በቃ። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው አሞኒያ በጣም ትንሽ ነው፤ ለአዋቂ ሰው በሊትር ከ50 ማይክሮሞል በታች ቢሆን ይጠበቃል። ይህ ቁጥር ብዙ እጥፍ ሲሆን የሚመታው አንጎል ነው። ሰውየውን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጠባዩ ይለወጣል። ቀጥሎ ይቀባዥራል። ከዚያ ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ኮማ።

ታዲያ ዛሬ ልተርክላችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ትክክለኛ ግኝትና ስለ ጥላው ነው። ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ «አሞኒያ» ሲባሉ «ጉበት» ብለው አሰቡ። ባብዛኛው ልክ ነበሩ። በዚህ መሀል ግን ጉበታቸው ደህና ሆኖ አሞኒያ አንጎላቸውን ያበጠው አዋቂ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ኮድ ጸሐፊ ነኝ።)

የሸሸው ውሻ

ነገሩ የሚጀምረው ሩሲያ ነው። በ1877 ኒኮላይ ኤክ የተባለ ሐኪም ውሾች ላይ ያደረገውን ቀዶ ጥገና አሳተመ። ከአንጀት የሚመጣው ደም በሙሉ ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ኤክ ይህን መንገድ ቆረጠው፦ ከአንጀት ደም የሚያመጣውን ትልቅ ደም መልስ ወደ ልብ ከሚሄደው ጋር በቀጥታ ሰፋው፤ ጉበቱን ዘለለው ማለት ነው። ከስምንቱ ውሾች ሰባቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ስምንተኛው ሁለት ወር ተኩል ያህል ኖረና ከቤተ ሙከራው ጠፍቶ ሄደ። ኤክ በዚህ አንድ ውሻ ተማምኖ፣ ቀዶ ጥገናው ለሰውም ሊሆን ይችላል ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን እምብዛም አልተመለሰበትም።

የተመለሱበት ሌሎች ናቸው። በሴንት ፒተርስበርግ ኢቫን ፓቭሎቭ (አዎ፣ በደወሉና በምራቁ የምናውቀው ራሱ) ከኬሚስቱ ማርሴሊ ኔንትስኪና ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀዶ ጥገናውን ደግመው በ1893 ውጤቱን አወጡ። ከቀዶ ጥገናው የተረፉት ውሾች ቁስላቸው ከዳነ በኋላ ጠባያቸው ተለወጠ። ገራም የነበረው ውሻ ተናካሽ ሆነ። ሥጋ ሲበሉ ደግሞ መንገዳገድ ጀመሩ፣ ዐይናቸው ማየት ተሳነው፣ አንቀጠቀጣቸው፣ ራሳቸውን ሳቱ። ወተትና እህል ሲሰጣቸው ይሻላቸዋል። ተመራማሪዎቹ «የሥጋ መመረዝ» አሉት። መጀመሪያ ጥርጣሬው ያረፈው የአሞኒያ የቅርብ ዘመድ በሆነው ካርባሚክ አሲድ ላይ ነበር፤ ቆይቶ ወደ አሞኒያው ራሱ ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የውሾቹ ጉበት ታሞ አይደለም የመረዛቸው። ደሙ ስላልደረሰው ነው። ማለትም በመጀመሪያው ሙከራ ውስጥ እንኳ ጥያቄው «ጉበቱ ታሟል ወይ?» ሳይሆን «አሞኒያው የሚጠራበት ቦታ ደርሶ ጠርቷል ወይ?» ነበር። በኋላ የተረሳው ይህ ልዩነት ነው።

የፍሪቡርግ ክብ

ጉበት አሞኒያን እንዴት ዩሪያ እንደሚያደርግ የገባን በ1932 ነው። ጀርመን ውስጥ ፍሪቡርግ ላይ ሐንስ ክሬብስ የሚባል ወጣት ሐኪም ከሕክምና ተማሪው ከኩርት ሄንዘላይት ጋር የአይጥ ጉበት በስሱ እየቆረጡ፣ የተለያየ ንጥረ ነገር እየጨመሩ፣ ምን ያህል ዩሪያ እንደሚወጣ ይለኩ ነበር። ኦርኒቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲጨምሩ የዩሪያው መጠን ዘለለ። የሚገርመው ግን ኦርኒቲኑ አላለቀም። ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ተመልሶ ይወጣል።

ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ሉፕ ነው። ክሬብስም ክብ መሆኑን አየ፦ ኦርኒቲን ናይትሮጅን ይሸከማል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ዩሪያ ይጥላል፣ ኦርኒቲን ሆኖ ይመለሳል። የሰውነት ኬሚስትሪ በክብ ሊሠራ እንደሚችል የታየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዓመቱ፣ በ1933፣ ናዚዎች ክሬብስን አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው አባረሩት። ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1953 ኖቤል ተሸለመ።

የክቡ ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ ዩሪያ የሚሠራው ስድስት ያህል ኢንዛይሞች ተቀባብለው ነው። አንዷ ብቻ ከደከመች መስመሩ ይዘጋል። ጉበቱ ግን ሌላ ሥራውን ሁሉ እንደ ወትሮው ይሠራል።

አንድ ሌሊት በተረኝነት

ከዚያ የ1950ዎቹ መጡ። በ1952 ቦስተን ውስጥ ሐኪሞች የጉበት ሕመምተኞችን የሆድ ውኃ ለመቀነስ ጨው የሚመጥ መድኃኒት ሰጡ፤ መድኃኒቱ ጨዉን ይዞ በምትኩ አሞኒየም ይለቅቅ ነበር። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ይቀባዥሩ ጀመር፤ መድኃኒቱ ሲቆም ተሻላቸው። በ1954 ለንደን ላይ ሺላ ሸርሎክና ባልደረቦቿ የጉበት ሕመምተኞች አንጎል ለምን እንደሚታወክ በሰፊው ጻፉ። የፓቭሎቭ ውሾች ታሪክ በሰው ላይ ተረጋገጠ። መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ፣ ፈተና ላይ መጣ፣ ልማድ ሆነ፦ ጉበቱ የታመመ ሰው ሲቀባዥር አሞኒያ ለኩ።

ልማድ እንዴት እንደሚያሳውር ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ የምሠራበት ቦታ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፦ «ዳታቤዝ ዘግይቷል»። ማስጠንቀቂያው ሁሌም የሚመጣው ዳታቤዙ ሲታመም ስለሆነ ቀጥታ እሱ ላይ ተረባረብን። ፈተሽነው፣ ደህና ነው። ደግመን ፈተሽነው፣ ደህና ነው። አንድ ልጅማ «እንግዲያው ማስጠንቀቂያው ነው የተሳሳተው» ብሎ ሊተኛ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ነው የተገለጠልን፦ ሌላ ቦታ ያለ ፕሮግራም አንድን ጥያቄ ሳያቋርጥ ሺህ ጊዜ ይልክ ነበር። ዳታቤዙ ጤነኛ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ነው።

«ጉበቱ ደህና ነው» የሚለውም ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው። በተለምዶ የጉበት ምርመራ የሚባለው በዋናነት የተጎዱ የጉበት ሕዋሳት ወደ ደም የሚያፈሱትን ነገር ይለካል። ሕዋሳቱ እየሞቱ አለመሆናቸውን ይነግራችኋል። የዩሪያ መስመር እየሠራ መሆኑን፣ ወይም የመጣበትን ሸክም መቻሉን አይነግራችሁም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰው በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል፦ መስመሩ ውስጡ የደከመበትና መስመሩ ደህና ሆኖ ጭነቱ የበዛበት።

አራሶቹ

የመጀመሪያዎቹን ያገኙት የሕፃናት ሐኪሞች ናቸው። በ1962 ለንደን ውስጥ የተጻፈ አንድ ዘገባ፣ ከዩሪያ ክብ ኢንዛይሞች አንዷ የጎደለቻቸው ሁለት ልጆች ደማቸው ውስጥ አሞኒያ በዝቶ መገኘቱን ገለጸ። ኢንዛይሟ ኦርኒቲን ትራንስካርባሚሌዝ ትባላለች፤ ባጭሩ ኦቲሲ እንበላት። የኦቲሲ ዘረመል ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው፣ ጉድለቱ ሙሉ ከሆነበት በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ኮማ ይገባል። ሴት ሁለት አላት፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ እናቶቹ «ተሸካሚ» ብቻ ተባሉ፤ ራሳቸው ሊታመሙ እንደሚችሉ በቂ ትኩረት አላገኘም።

በ1990 ግን የአሜሪካ ሐኪሞች በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጤነኛ የነበሩ ሴቶች በሰላም ወልደው፣ ቀናት ቆይተው ግራ መጋባት ይጀምሩና ኮማ ይገባሉ። ምክንያቱ ያው አሞኒያ፤ ሥሩ ያው ኦቲሲ። ለምን ከወሊድ በኋላ? እርግዝናው ሲያበቃ ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ይሸበሸባል፤ የሚፈርሰው ሥጋ ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲኑ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ይሆናል። ለግማሽ አቅም መስመር ይህ ከባድ ጭነት ነው።

አራስ ድንገት መቀባዠር ስትጀምር እኛ ሰፈር ምን እንደሚባል አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥም ቢሆን መጀመሪያ የሚታሰበው የአእምሮ ሕመም ነው። ጉበቷ ይመረመራል፣ ደህና ነው። የጭንቅላቷ ፎቶ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። አሞኒያ የሚለካ ከሌለ ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥጋ አይወዱም። ማንም ሳይነግራቸው ሰውነታቸው ራሱ አስተምሯቸዋል። ቤተሰብ ግን «ምግብ ትመርጣለች» ይላታል። እንደ ፓቭሎቭ ውሾች ነው እንግዲህ፤ እነሱም ሥጋው ካመማቸው በኋላ ሥጋ እንቢ ይሉ ነበር።

ሕክምናውም የራሱ ታሪክ አለው። ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ሶል ብሩሲሎው በ1979 ገደማ ያመጡት ሐሳብ ለኢንጂነር ያስደስታል፦ ዋናው መንገድ ከተዘጋ ተለዋጭ መንገድ ክፈት። ሶዲየም ቤንዞኤት (ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ የምታነቡት ማቆያ) ሰውነት ውስጥ ግላይሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር ተጣብቆ በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣ ናይትሮጅኑን ይዞ ይሄዳል። ዩሪያ ሳይሠራ ናይትሮጅን ወጣ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ፕሮቲን ለጊዜው ማቆም፣ ጡንቻ እንዳይፈርስ በደም ሥር ግሉኮስ መስጠት፣ ሲብስም ደሙን በዲያሊሲስ ማጠብ አለ።

ጉድለቱን ከሥሩ ለመጠገን የተደረገው ሙከራ ግን ሰው በልቷል። ጄሲ ጌልሲንገር 18 ዓመቱ ነበር። የኦቲሲ ጉድለቱ ቀለል ያለ ዓይነት ስለሆነ በምግብ ጥንቃቄና በክኒን ይኖር ነበር። በመስከረም 1999 ፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዘረመል ሕክምና ሙከራ ፈቃደኛ ሆነ፤ የተስተካከለውን ዘረመል የተሸከመ ቫይረስ ወደ ጉበቱ ተሰጠው። ሰውነቱ በቫይረሱ ላይ ተነሣ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ሞቱ የዘረመል ሕክምናን ምርምር ለዓመታት ወደ ኋላ ጎተተው።

መድኃኒቱ ራሱ ሲሆን

ሁለተኛው መንገድ መድኃኒት ነው፤ በተለይ ቫልፕሮኤት። ይህን ኬሚካል ቤቨርሊ በርተን የሚባል አሜሪካዊ በ1882 ሠራው። ለ80 ዓመት ያህል ሌላ ነገር ማሟሚያ ብቻ ነበር። በ1962 ፈረንሳይ ውስጥ ፒየር ኤማር የሚባል ተማሪ አዳዲስ ውሕዶችን በእሱ እያሟሟ እንስሳት ላይ ሲሞከር፣ ውሕዱ ምንም ይሁን ምን ማንቀጥቀጡ ይቆማል። የሚሠራው ውሕዱ ሳይሆን ማሟሚያው ኖሯል! ዛሬ በዓለም ላይ ለሚጥል በሽታና ባይፖላር ለሚባለው ሕመም በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው። እኛ አገርም ይታዘዛል፤ ብዙ ሰው ኑሮውን የመለሰለት መድኃኒት ነው።

ግን ቫልፕሮኤት በአንዳንድ ሰው ላይ ካርኒቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመናምናል፣ የዩሪያ ክቡንም የመጀመሪያ ኢንዛይም ያዳክማል። ያኔ ጉበቱ ሳይጎዳ፣ አንዳንዴም የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ልክ ሆኖ ሳለ፣ አሞኒያ ይወጣል። ሰውየው ይፈዛል፣ ይቀባዥራል፣ አንዳንዴ ማንቀጥቀጡ ራሱ ይብስበታል።

አስፈሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማንቀጥቀጡ ከባሰ የመጀመሪያው ሐሳብ ምንድን ነው? መድኃኒቱን መጨመር። የባይፖላር ሕመምተኛው ጠባይ ከተለወጠስ? ሕመሙ ተነሣበት ይባላል፤ አሁንም መጨመር። እሳቱን በቤንዚን ማጥፋት ነው። አሞኒያው ከተለካ ግን መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፦ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያቆማል ወይም ይለውጣል፣ አንዳንዴ ካርኒቲን ይሰጣል፣ ሰውየውም ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ወደ ራሱ ይመለሳል። (ቫልፕሮኤት የምትወስዱ ካላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

ጆንያው ሳንባ ውስጥ

ሦስተኛው ታሪክ ወደ አያቴ በረት ይመልሰኛል።

ሳንባ የተተከለላቸው ሰዎች ላይ ሐኪሞች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያዩ ነበር። ቀዶ ጥገናው ይሳካል፣ አዲሱ ሳንባ ይሠራል፣ ጉበቱ ደህና ነው። ከዚያ በቀናት ውስጥ አንዳንዱ ሰው ይቀባዥራል፣ አሞኒያው በመቶዎች ይወጣል፣ አንጎሉ ያብጣል። ጥቂት ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው፤ ከደረሰባቸው ብዙዎቹ ግን ሞተዋል። አሞኒያው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር።

በ2015 ቺካጎ ውስጥ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አንኪት ባራት የመሩት ቡድን መልሱን አሳተመ፦ ዩሪያፕላዝማ። ስሙ ላይ ዩሪያ አለበት። በሽንትና በመራቢያ አካላት አካባቢ የብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር እጅግ ትንሽ ባክቴሪያ ነው። የሚኖርበትን ጉልበት የሚያገኘው ዩሪያን በዩሬዝ በመሰንጠቅ ነው። የንቅለ ተከላ ሕመምተኛ አዲሱን አካል እንዳይገፋ መከላከያው በመድኃኒት ተዳክሟል። ባክቴሪያው ያለ ተቆጣጣሪ ይባዛል፤ ጉበት የሠራውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይመልሰዋል። ጉበት መልሶ ዩሪያ ያደርገዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ዳታቤዙን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠቃይ ያደረው ያ ፕሮግራም ትዝ አላላችሁም?

ይህን ሌባ መያዝ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩሪያፕላዝማ በተለመደው የላቦራቶሪ ማሳደጊያ ላይ አይበቅልም። የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ደግሞ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ አይነኩትም። ዘረመሉን በመፈለግ ሲመረመር ግን ይገኛል፤ እንደ ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን ያሉ፣ ማንኛውም ፋርማሲ የሚያውቃቸው መድኃኒቶችም ሊገድሉት ይችላሉ። አስቡት እስኪ፦ አንጎሉ አብጦ ኮማ ውስጥ ያለ ሰው፣ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው፣ በአንቲባዮቲክ ሲነቃ።

ቱቦውና በረዶው

አሞኒያ አንጎልን የሚጎዳው እንዴት ነው? በጭሩ፦ አንጎል ውስጥ ኮከብ የሚመስሉ ደጋፊ ሕዋሳት አሉ። ዩሪያ መሥራት አይችሉም፤ ስለዚህ የመጣውን አሞኒያ ግሉታሚን ወደሚባል አሚኖ አሲድ ይለውጡታል። ግሉታሚኑ ሲከማች ውኃ ይስባል፣ ሕዋሱ ያብጣል። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ ሰዓት ይቆጠራል፤ አሞኒያው ከፍ ብሎ በቆየ ቁጥር የሚመለሰው ያንሳል።

ምርመራው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተቀዳው ደም ቱቦ ውስጥ ሲቀመጥ አሞኒያ ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በረዶ ላይ ተደርጎ በፍጥነት ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ካልሆነ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ምርመራ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ማሽኑ ባለበት ሆስፒታልም ቢሆን ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ማዘዝ አለበት። የዚህ ታሪክ ሰዎች የሞቱት ወይም የተረፉት ብዙውን ጊዜ እዚያች ትእዛዝ ላይ ነው።

ኤክ አንድ የሸሸ ውሻ አይቶ ነገሩ አለቀ አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ጥያቄውን ከፍተው ስለያዙ የውሾቹን መመረዝ አገኙ። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ያን መልስ ይዞ ዘጋው፤ ሌሎች ደግሞ አራሷ አልጋ አጠገብ፣ የሳንባ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ መልሰው ከፈቱት።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የማውቀው ሰው፣ አዋቂ፣ ጤነኛ የነበረ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ድንገት መቀባዠር ቢጀምር፣ ምርመራው ሁሉ ተሠርቶ «ጉበቱ ደህና ነው» ቢባል፣ ሐኪሙን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ «ዶክተር፣ አሞኒያውስ ተለክቷል?»